የግቢው ጠባቂ ምን ይብላ?



እንደሚታወቀው ሁሉ ውሻ በብዙዎቻችን ቤት የሚኖረው ለሥራ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡና ሐና ማርያም ድረስ ግቢ ያለው ቤተሰብ በር የሚጠብቅለት ውሻ ማሳደር የቆየ ልማዱ ነው። ሌሊቱን ሲጮኽ ያደረ ውሻ ጠዋት የሚጠብቀው ደመወዝ አንድ ሣህን ምግብ ነው። ያን ሣህን የምትሞላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቤቷ እመቤት ናት። ከጤፉ፣ ከዘይቱና ከልጆቹ ደብተር ጋር የውሻውም ድርሻ የሚወጣው ከዚያችው ከወር አስቤዛ ላይ ነው። እንግዲህ ጉዳዩ የቤት አስተዳደር ጉዳይ ነውና በዛሬው አምዳችን እንመለከተዋለን።

ከእናቶች ዘንድ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ ይህን ይመስላል። ከውጭ የሚመጣው የከረጢት ምግብ ዋጋው ከአቅም በላይ ነው፤ ከሥጋ ቤት የሚገኘው ሳንባና ቁርጥራጭ ግን በርካሽ ይገኛል፤ ታዲያ ያንኑ ጥሬውን እየጣሉለት ማኖር ምን ጉዳት አለው? ጉዳቱ ከውሻው አልፎ ለልጆቻችን የሚተርፍ ስለሆነ መልሱን ከዚሁ እንጀምር።

ጥሬ ሳንባና የሕፃናት ጤና

በከብት፣ በበግና በፍየል ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ይታያል። ይህ ፊኛ ኤኪኖኮከስ የሚባል የአንድ ደቃቅ የኮሶ ትል እጭ ያለበት ነው። በሀገራችን በየቄራው በሚደረገው የሥጋ ምርመራ ሳንባና ጉበት ከሚወገዱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በየቤቱ በሚታረደው በግና በየሰፈሩ በሚጣለው ቅርጫ ላይ ግን መርማሪ የለም።

ውሻው እንዲህ ያለውን ሳንባ ጥሬውን ሲበላ እጩ በአንጀቱ ውስጥ አድጎ ትል ይሆናል። ከስድስትና ሰባት ሳምንት በኋላ የትሉ ዕንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ዕንቁላሉ በዓይን አይታይም፤ በውሻው ጠጉር፣ በግቢው አፈርና በጓሮ ጎመን ላይ ይቀመጣል። ውሻውን ሲያሻሽ የዋለ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ሲጎርስ ዕንቁላሉን አብሮ ይውጠዋል። ከዚያ ወዲያ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ፊኛ ቀስ በቀስ ያድጋል። ለብዙ ዓመታት ሕመም ሳያሳይ ይቆይና ሲገለጥ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ነው። ውሻው ግን ትሉን ተሸክሞ ጤነኛ መስሎ ይኖራል። በሳንባ የተቆጠበው ጥቂት ብር እንዲህ ባለ መንገድ በብዙ ተባዝቶ ከቤተሰቡ ሊወጣ ይችላል።

ይህ ሲባል ሳንባ ክልክል ምግብ ነው ማለት አይደለም። በትንንሹ ተከትፎ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲቀቀል እጩ ይሞታል፤ ሥጋውም ለውሻ መልካም ምግብ ይሆናል። በዓል ሲመጣ፣ ለእንቁጣጣሽም ይሁን ለፋሲካ ወይም ለአረፋ፣ ፊኛ የታየበትን ሳንባና ጉበት ከአጥር ጀርባ መወርወር ክፉ ልማድ ነው። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይካፈለዋልና ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ይገባል። ከዚህም በላይ ለዚህ ትል ፍቱን የሆነው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ መጠኑንና በስንት ጊዜው እንደሚሰጥ የእንስሳት ሐኪም እንደ ውሻው ክብደት ይወስናል።

ውሻ በምን ይኖራል?

ውሻ ሥጋ በል ይባል እንጂ ከሰው ጋር ብዙ ሺህ ዓመታት ሲኖር እህል መብላትን ተምሯል። በ2005 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ውሻ ከተኩላ ይልቅ የእህልን ስታርች ለመፍጨት የሚያስችል ተፈጥሮ እንዳዳበረ አሳይቷል። ስለዚህ ገብሱ፣ በቆሎውና ሩዙ ለውሻ ባዕድ ምግብ አይደለም። ነገር ግን እህል ብቻውን አይበቃውም። ሰውነቱን የሚገነባ የሥጋ፣ የዕንቁላል ወይም የጥራጥሬ ምግብ፣ ጥቂት ቅባት፣ እንዲሁም ለአጥንቱ ካልሲየም ያስፈልገዋል። በየቀኑ ደረቅ እንጀራ ብቻ የሚጣልለት ውሻ ሆዱ ይሞላ ይሆናል እንጂ ጠጉሩ ይከሳል፤ ጉልበቱም ይደክማል።

ምግቡ እንደ ውሻው ዕድሜና ሥራ ይለያያል። ቡችላ እስከ አራት ወሩ ድረስ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ከዚያም እስከ ስድስት ወሩ ሦስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይመገባል። ለአዋቂ ውሻ ጠዋትና ማታ ይበቃዋል። የምታጠባ ውሻ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ልትበላ ትችላለች። ታስሮ የሚውል ወይም ያረጀ ውሻ ግን እንደ ወጣቱ ከበላ ይወፍራል።

ልኩን ለማወቅ እጃችሁን በጎድኑ ላይ አድርጋችሁ ዳብሱ። የጎድን አጥንቱ ሳትጫኑ በእጅ የሚለይ፣ ከሩቅ ግን ቆጥራችሁ የማትጨርሱት ከሆነ መልካም ነው። ከሩቅ የሚቆጠር ከሆነ ከስቷል፤ ተጭናችሁም የማታገኙት ከሆነ ወፍሯል። ክብደቱን ለማወቅ ደግሞ ውሻውን ታቅፎ ሚዛን ላይ መውጣት፣ ቀጥሎም ብቻ ወጥቶ ልዩነቱን መውሰድ ነው።

የአንድ ቀን ድስት

ለ20 ኪሎ አዋቂ ውሻ በቀን 1000 ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ይህን በቤት ውስጥ እንዲህ አድርጎ ማዘጋጀት ይቻላል።

150 ግራም ሩዝ፣ የገብስ ቅንጬ ወይም የበቆሎ ቅንጬ፤ 250 ግራም ሳንባ፣ ጨጓራ ወይም ሌላ ቁርጥራጭ ሥጋ፤ 40 ግራም ምስር ክክ፤ 100 ግራም ካሮት ወይም ዱባ፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት።

በመጀመሪያ ሥጋውን በትንንሹ ከትፋችሁ ከላይ እንደተባለው ግማሽ ሰዓት ቀቅሉ። ከዚያ ምስሩንና እህሉን በዚያው መረቅ ላይ ጨምራችሁ እስኪበስል አማስሉ። ካሮቱን ፈቅፍቃችሁ በመጨረሻ ጨምሩበት። ዘይቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይግባ። ጨውና በርበሬ አያስፈልገውም። ታጥቦ የደረቀ የዕንቁላል ቅርፊት ልም ተደርጎ ተወቅጦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲጨመርበት የቀኑን ካልሲየም ይሰጠዋል። ለሦስት ቀን የሚሆን አንድ ላይ ሠርቶ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ማገዶንም ጊዜንም ይቆጥባል። ማቀዝቀዣ ከሌለ በየቀኑ መሥራት ይሻላል።

የተቀቀለ ጉበት በሳምንት አንድ ቀን በጥቂቱ፣ ዕንቁላልም ሲገኝ ቢታከልበት ድስቱ ይሟላል። ይህ ድስት ለአዋቂ ጠባቂ ውሻ የተመጠነ ነው። ቡችላ፣ በተለይም ትልቅ የሚሆነው ዝርያ፣ ካልሲየም ቢያንሰውም ቢበዛበትም አጥንቱ ስለሚጎዳ በሐኪም ምክር ይመገብ፤ ወይም አቅም በፈቀደ መጠን የቡችላ ምግብ ከሱቅ ይገዛለት።

ከረጢቱን ስትገዙ

የከረጢት ምግብ ለሚገዙ አንባቢያን ደግሞ ጥቂት ምክር አለን። በመጀመሪያ የኪሎውን ዋጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ለምሳሌ ያህል አንደኛው ምግብ ኪሎው 400 ብር፣ ሁለተኛው 600 ብር ነው እንበል። በከረጢቱ ላይ ለውሻችሁ ክብደት የታዘዘው መጠን የመጀመሪያው በቀን 400 ግራም፣ ሁለተኛው 250 ግራም ከሆነ፣ የቀኑ ወጪ 160 ብርና 150 ብር ይሆናል። ውድ የመሰለው ርካሽ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ዘወትር የምታወዳድሩት የቀኑን ወጪ ይሁን። የቆርቆሮው ምግብ ደግሞ ከመቶ ሰባ አምስቱ እጅ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ መሆኑን አትርሱ።

በሁለተኛ ደረጃ ጽሑፉን አንብቡ። የተሠራባቸው ነገሮች የሚዘረዘሩት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው። ሥጋው ወይም የሥጋ ዱቄቱ ከፊት ከተጻፈ መልካም ነው። ለአዋቂ ውሻ የሚሆን ደረቅ ምግብ ፕሮቲኑ ከመቶ 18፣ ለቡችላ ከመቶ 22 ያላነሰ ይሁን። «የተሟላ» የሚል ቃል ካለው ብቻውን ለመኖሪያ ይበቃል፤ «ተጨማሪ» የሚል ከሆነ ግን ማጣፈጫ ብቻ ነው። የሚያበቃበት ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ ከእኛው ጋር አመሳክሩት።

ከተከፈተ ጆንያ እየተሰፈረ የሚሸጠው ቀኑም አይታወቅ፣ ቅባቱም በአየር ይበላሻል። የሻገተ ከሆነማ መርዝ ነው። በ2008 ዓ.ም. ይፋ በሆነው በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት፣ በወተት ላሞች መኖና በወተቱ ላይ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ተገኝቶ ነበር፤ ዋነኛ ምንጩም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ይኸው መርዝ የውሻን ጉበት ክፉኛ ይጎዳል። ስለሆነም ለከብት የተዘጋጀ ፋጉሎ፣ የሻገተ በቆሎ ወይም የሻገተ እንጀራ «ለውሻ ምን አለበት» ተብሎ አይሰጥ። ምግብ ስትለውጡም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንት ውስጥ አዲሱን ከአሮጌው ጋር እያቀላቀላችሁ ቢሆን ሆዱ አይታወክም።

በጾም ወራት

በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የቤቱም ፍርፋሪ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ የተራበ ውሻ አጥር ዘሎ ቆሻሻ ፍለጋ ይወጣል፤ ከባዘነ ውሻ ጋር ይናከሳል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ሊመለስም ይችላል። እንግዲህ ውሻን በልኩ መመገብ ከግቢ እንዳይወጣ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው። ክትባቱ ግን በምግብ አይተካም፤ ከሦስት ወሩ ጀምሮ ተከትቦ በየጊዜው ይታደስለት። ሰው ከነከሰም ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ ለሩብ ሰዓት አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

በጾሙ ወራት የድስቱን ሥጋ በተቀቀለ ዕንቁላል መተካት፣ ምስሩን ወይም አተር ክኩን በእጥፍ ማሳደግ ይቻላል። ሽሮ ከሆነ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ያልገባበት ነጭ የአተር ወይም የሽምብራ ዱቄት ይሁን። የሙስሊም ሥጋ ቤቶችም ስለማይዘጉ ቁርጥራጩን ከዚያ መግዛት ይቻላል።

የማይሰጡ ነገሮች

ብዙዎቻችን ለውሻ የምንሰጠው የወጥ ትራፊ ነው። የወጣችን መሠረት ደግሞ ቀይ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ በስሎም ቢሆን የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራል። አንድ ቀን የቀመሰው ላይጎዳው ይችላል፤ በየቀኑ ሲለመድ ግን ደሙ እያነሰ ይሄዳል። ወጥ ያልነካውን እንጀራ ለይታችሁ ብትሰጡት ይሻላል።

ቸኮሌት፣ ዘቢብና ወይን፣ የቡና አተላ፣ ዛይሊቶል የተባለው ጣፋጭ ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካ ለውሻ መርዝ ናቸው። ቡሖ በሆዱ ውስጥ ተነፍቶ ያሠቃየዋል፤ የጠላና የአረቄ አተላም አልኮል ስላለበት አይሰጥ። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይበሳል። የከብቱ አጥንት ተቀቅሎ መረቁ በምግቡ ላይ ይፍሰስለት፤ አጥንቱ ይወገድ። ንጹሕ ውሃም ቀንና ሌሊት ከፊቱ አይታጣ።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። የውሻው ሣህን ለብቻው ይሁን፤ ከቤት ዕቃ ጋር አይታጠብ። ልጆች ከውሻው ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ አስለምዷቸው። ሳንባውን የመቀቀሉ ሥራም ለአንድ ሰው ብቻ አይተው፤ አባወራውም፣ ትልልቆቹ ልጆችም ለምን እንደሚቀቀል ቢያውቁ እናት በሌለችበት ቀን ጥሬው አይጣልም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ የሚጠፋው የግማሽ ሰዓት ማገዶ ነገ ከሚመጣው የሆስፒታል ወጪ ያድናል።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።