ሃርድ ዲስክና የዋግ አየር

ኔትዎርክ ሲጠፋ በዋግ ኽምራዋ ሰሃላ ያለን ተማሪ ከመጻሕፍት የሚያገናኘው አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱ ዲስክ የመጽሐፍም የጨዋታም ማከማቻ አይሁን እንላለን። ፕሌይስቴሽን 4 ዲስኩን ለጨዋታ ማከማቻነት ሲያዘጋጅ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል። በተለያዩ ኮምፒውተሮች መካከል ለሚመላለስ ዲስክ ኤክስፋት የተሰኘው ፎርማት ይበጃል፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልምና። ፎርማት ከማድረግ በፊት ግን ቅጂ ይያዝ!

ዲስኩ ወደ ደጋ ከወጣ አየሩም ጉዳይ አለው። አንባቢው ራስ ከሚሽከረከረው ሳሕን በላይ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት፣ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው ሰቆጣ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚፈቅዱት ከፍታ 3,000 ሜትር ያህል በመሆኑ ሰቆጣ ላይ አያሰጋም፤ ከዚያ በላይ ላሉት ተራሮች ግን፣ ዋጋው ቢከብድም፣ የሚሽከረከር አካል የሌለውን ኤስኤስዲ እንመርጣለን።