ሞተሩ ይነሳል፣ ፍሬኑስ?

የከባድ መኪና ገዥ ከደላላ ጋር ሆኖ መኪና ሊያይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስነሳው ሞተሩን ነው። ጭሱን ያያል፣ የዘይቱን መለኪያ ይስባል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ጎንበስ ብሎ ባሊስትራውን ይቃኛል። ከዚያ ዋጋ ይጠራል፣ ክርክሩ ይቀጥላል። ጎማው ወልቆ ታንቡሩ ይታይ የሚል ገዥ ግን እምብዛም አይገኝም። “ቦሎ አለው” ከተባለ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በመሆኑም በአሮጌ የጭነት መኪና ገበያ ሞተር ዋጋ አለው፣ ጎማ ዋጋ አለው፣ ፍሬን ግን ዋጋ የለውም። ገበያው ዋጋ ያልሰጠውን ነገር ደግሞ ባለንብረቱም አይንከባከበውም።

የባለንብረቱ ችግር የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋ ኪስ የሚያሳሳ ሆኗል። አዲስ መኪና መግዛትም ለብዙው ባለሀብት ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ አሮጌው መኪና ይሠራል፣ መሥራትም አለበት። ጥያቄው አሮጌ መኪና ይነዳ ወይስ አይነዳ አይደለም። ጥያቄው የፍሬኑ ሒሳብ በትክክል ይሠራል ወይ ነው።

የአባይ በረሃ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ወደ ድልድዩ የሚሄድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 11 ሊትር ያህል ናፍጣ ነድዶ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይስተካከላል። መኪናው በከባድ ማርሽ ተይዞ ሞተሩ ካላገዘ ይህንን ሁሉ ሙቀት የሚሸከሙት ሸራውና ታንቡሩ ናቸው። ታንቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋም ከሸራው ይርቃል። ሸራውም ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ከአደጋ በኋላ “ፍሬን እምቢ ብሎት ነው” ይባላል። ፍሬን ግን አብዛኛውን ጊዜ በድንገት እምቢ አይልም። ለወራት ሲያስጠነቅቅ ቆይቶ ሰሚ ሲያጣ ነው።

ናፍጣ ለመቆጠብ ሲባል ማርሹን ነጻ አድርጎ መውረድም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ቁልቁል ሲወርድ ፓምፑ ለሞተሩ የሚሰጠውን ነዳጅ ይቆርጣል። ስለሆነም በነጻ ማርሽ የሚገኝ ትርፍ የለም፣ የሚበላው ሸራ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እንበልና ርካሹ ሸራ 10,000 ብር ወጥቶበት 20,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ለአንድ ኪሎ ሜትር 50 ሳንቲም ይፈጃል። ዋጋው እጥፍ የሆነው ሸራ 60,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን ለአንድ ኪሎ ሜትር 33 ሳንቲም ገደማ ነው። በዚያ ላይ የርካሹ ሸራ መኪና ሦስት ጊዜ ጋራዥ ሲቆም የሌላው አንድ ጊዜ ብቻ ይቆማል። በነጋዴ ቋንቋ የቆመ መኪና የተዘጋ ሱቅ ማለት ነው። ሶማሌ ተራ ገብቶ “የቱ ይረክሳል?” ብሎ ከመጠየቅ “የቱ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሌላው የተለመደ ስህተት ተሳቢውን መርሳት ነው። ባለንብረቱ ዋናውን መኪና ያሳድሳል፣ ተሳቢው ግን ፍሬኑ ሰንፎ ይከተላል። ያን ጊዜ የሁለቱን ሸክም የሚይዘው የዋናው መኪና ፍሬን ብቻ ይሆናል፣ ቶሎም ይግላል። በተጠማዘዘ መንገድ ላይ ደግሞ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ መኪናውን ያጥፈዋል።

ታዲያ መቼ ይጠገን፣ መቼ ይቀየር? ሸራው ብቻ ከሳሳ ሸራ መቀየር ይበቃል፣ ግን በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኙ አብሮ መሆን አለበት። ታንቡር ግን ቶርኖ ቤት በተመላለሰ ቁጥር ይሳሳል። በብዙ ታንቡሮች ላይ የመጨረሻው ስፋት ተቀርጾ ይገኛል፤ ያን ያለፈ ወይም የተሰነጠቀ ታንቡር ለብረት ሻጭ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ፍሬን ያለው መኪና ደግሞ በየጊዜው በእጅ እየጠበቀ የሚሄድ ከሆነ ሌላ ብልሽት አለው ማለት ነው። ማጥበቁ ብልሽቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ከሁሉ የከፋው በኤንትሬ ዘመን ከተሠሩት መኪኖች ብዙዎቹ የነበራቸው በአንድ የአየር መስመር ብቻ የሚሠራ ፍሬን ነው። መስመሩ ከፈነዳ ሁሉም ጎማ ይለቃል። ኋላ የመጡት መኪኖች ሁለት መስመርና አየር ሲያልቅ በስፕሪንግ የሚይዝ ፍሬን አላቸው። አሮጌውን ወደዚህ ማሻሻል ይቻላል። ወጪው ግን መኪናው በቀሪ ዕድሜው ከሚያስገባው የተጣራ ገቢ ከበለጠ መኪናው በመለዋወጫነት ይሸጥ። ለማያውቅ ገዥ ማሻገር ንግድ ሊባል አይገባም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ገዥው ቀብድ ሳይከፍል የሸራው ውፍረትና የታንቡሩ ስፋት ተለክቶ በጽሑፍ ይሰጠው። አየሩ ሞልቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሬኑ ተረግጦ ለአንድ ደቂቃ ይያዝና መለኪያው ይታይ። በአሜሪካ የሹፌሮች መመዘኛ ተሳቢ ያለው መኪና በዚያች ደቂቃ ከሩብ ባር ገደማ በላይ አየር ማጣት የለበትም። ይህ ፍተሻ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። መኪናውን በዋስትና የሚይዝ ባንክና ውል የሚገባ መድን ድርጅትም ይህንኑ ወረቀት ቢጠይቁ የሚጠብቁት የራሳቸውን ገንዘብ ነው። ባለንብረቱም ቢሆን በተለመደው የመድን ውል መኪናውን በደህና ሁኔታ የመያዝ ግዴታ እንዳለበት ቢያስታውስ አይጎዳም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬው ሰው። ፍሬኑ የተለካ መኪና ከሌላው በላይ ዋጋ ያወጣ ቀን ማስታወቂያና ስብከት አያስፈልግም፤ ባለንብረቱ ራሱ ሳይጠየቅ ታንቡሩን ፈትቶ ያሳያል። እስከዚያ ግን የደላላው ጨዋታ ሲደምቅ ገዥው አንዲት ጥያቄ ይያዝ፦ ይህ መኪና መሄዱስ ይሄዳል፣ ይቆማል ወይ?