የሠሩትን ማክበር፤ ያከበሩትንም ማሠራት

ሰው ከሥራ መሣሪያው ጋራ እንዴት ያለ ፍቅር ሊኖረው እንደሚችል በዛሬው ጽሑፋችን ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ለማመልከት ወደድን። ምሳሌያችንም እንግሊዛዊው መርከበኛ ሮቢን ኖክስ ጆንስተንና ሱሃይሊ የምትባለው የሸራ መርከቡ ናቸው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሱሃይሊ በ1960ዎቹ ዓመታት በህንድ አገር በቦምባይ ከተማ ተሠራች። አናጢዎቹ እንደ አባቶቻቸው ልማድ ቲክ የሚባለውን ጽኑ እንጨት በእጃቸው እየጠረቡ አበጁዋት። ርዝመትዋም 32 ጫማ ብቻ ነው።

በ1968 ሮቢን ወደብ ሳይገባ ብቻውን ዓለምን ለመዞር ባሰበ ጊዜ፣ ሌላ ትልቅ መርከብ ለማሠራት ፈልጎ ነበር፤ ገንዘብ ስላጣ ግን በእርስዋው ሄደ። በጉዞው መጀመሪያ ከሥርዋ ውሃ ብታስገባ፣ ባሕር ውስጥ ጠልቆ በጣውላዎቹ መካከል የተከፈተውን ስንጥቅ በጥጥ ደፈነ። መሪዋን ይጠብቅ የነበረው መሣሪያ በተሰበረም ጊዜ፣ ጠባይዋን ያውቅ ነበርና፣ ሸራዎችዋን አመዛዝኖ ራስዋ መንገድዋን እንድትይዝ አደረጋት። እርስዋም ከ312 ቀን በኋላ በ1969 ወደ ተነሣበት ወደ ፋልመዝ ወደብ በደኅና መለሰችው። ለውድድሩ ከተነሡት 9 ሰዎች ጉዞውን የፈጸመ እርሱ ብቻ ነው።

እኛን ይልቁን ያስደነቀን ኋላ የሆነው ነው። ሱሃይሊ ለክብርዋ ሲባል በግሪኒች ባለው ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ገብታ ተቀመጠች። ነገር ግን ውሃ የጠገበ እንጨት ብቻ ነው ተነፍቶ እርስ በርሱ የሚጣበቀው። በሙዚየሙ ደረቅ አየር ጣውላዎችዋ ይኮማተሩ ጀመር። ማዕበል ያልሰበራትን መርከብ ክብር ሊያፈርሳት ሆነ። ባለቤትዋም ይህን አይቶ በ2002 አወጣትና ያድሳት ጀመር፤ ኋላም ወደ ባሕርዋ መለሳት።

ይህ ነገር ከቤታችን የራቀ አይደለም። እሳት የማይነድበት ቤት ተቆልፎ ቢጠበቅም ምስጥ ይበላዋል። ያረጁ አባትና እናታችንንም በከፍተኛ ወንበር አስቀምጠን፣ ልብሳቸውንና ምግባቸውን አሟልተን፣ ነገር ግን ምክር ሳንጠይቃቸው ብንቀር፣ አክብረናቸዋል ስንል እናደርቃቸዋለን። እንግዲህ ዛሬ ማታ ከማዕድ ስንቀመጥ አንድ ነገር እንጠይቃቸው።