በይሉኝታ የተገዛ ክሬም

 

የሠርግ ወር እየደረሰ ነው። በየዓመቱ ከሠርግ ወር በኋላ አንድ ዓይነት ታሪክ የያዙ ሴቶች ወደ ምርመራ ክፍል ይመጣሉ። ዘንድሮ ከሠርጉ በኋላ ሳይሆን ከሠርጉ በፊት ልናገር ብዬ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ እህቶቼን ስለማነጋግር «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የአንዲት ታካሚ ታሪክ አይደለም፤ ከብዙዎች የተውጣጣ ነው።

ለሠርጓ አንድ ወር የቀራት ልጅ ማራኪ አካባቢ ወዳለ የውበት ሳሎን ትገባለች። የሙሽራ ፓኬጅ ይዛለች፤ ስቲም አለው፣ የሞሮኮ ባዝ አለው። ፎጣ ተጠቅልላ፣ ፊቷ ተቀብቶ፣ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። ከራሷ በላይ ድምፅ ትሰማለች፦ «ውይ የኔ ቆንጆ! ይሄ ጉንጭሽ ላይ ያለው ምንድን ነው? ማድያት ጀምሮሻል እኮ። እንዲህ ሆነሽ ልትዳሪ ነው? ቪዲዮው ላይ ያስታውቃል።» መስታወት ይመጣል። ቀጥሎ ስም ያልተጻፈበት ነጭ ብልቃጥ ይመጣል። «እኛው ያዘጋጀነው ነው፤ ተፈጥሯዊ ነው፤ በሳምንት ፏ ያደርግሻል።»

ልጅቷ መግዛት አልፈለገችም። ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ስትደክምላት የነበረችውን ልጅ እንዴት ፊት ትንሳት? ሚዜዎቿም እየሰሙ ነው። ገዛች።

በሳምንቱ ፊቷ እውነትም ፏ አለ። «አማረብሽ» ተባለች። ከሠርጉ ሦስት ወር በኋላ ግን ፊቷን በነጠላ ሸፍና ሐኪም ፊት ተቀመጠች። ቆዳዋ ሳስቶ የደም ሥሮቿ ይታያሉ፤ ብጉር ወርሯታል፤ ፀሐይ ሲነካት ያቃጥላታል። ክሬሙን ስትተወው ይብስባታል፤ ስትቀባው ለጊዜው ይታገስላታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

አሁን ልብ በይ። ይህች ልጅ የተጎዳችው በክሬም ነው፤ ክሬሙን ያስገዛት ግን ይሉኝታ ነው። እኔም ዛሬ የምሟገተው ከክሬሙ ጋር ብቻ ሳይሆን ይሉኝታን ገበያ ከሚያወጣው የአሻሻጥ ዘዴ ጋር ነው።

ዘዴው አራት እርምጃ አለው። አንዴ ካወቅሽው በሚቀጥለው ጊዜ ሲጀመር ትለዪዋለሽ።

1. ያስተኙሻል። ልብስሽን አውልቀሽ፣ ፊትሽ ተቀብቶ ተነሥቶ መሄድ አይመችም። የሽያጩ ወሬ የሚጀመረው በዚህ ሰዓት ነው።

2. ጉድለት ይነግሩሻል። በሚያጎላ መስታወትና በኃይለኛ መብራት የታየ ፊት ሁሉ ቀዳዳና ነጠብጣብ ይሞላዋል። የኔንም ፊት በዚያ መስታወት ብታዪው ትደነግጫለሽ።

3. ያስቸኩሉሻል። «ሠርግሽ ደረሰ»፣ «ሁለት ብቻ ነው የቀረው»፣ «ከነገ ጀምሮ ይጨምራል»።

4. ምስክር ይጠራሉ። «እስቲ እናንተ ፍረዱ!» ይባላል። አጠገብሽ የተቀመጠችው እህትሽ ሳታስበው «እውነቷን ነው» ትላለች።

ይህ ዘዴ ጎንደር ላይ አልተፈለሰፈም። ሀብታሞች በባሕር ላይ በሚዝናኑባቸው ትልልቅ መርከቦች ውስጥ ያሉ ስፓዎችም በዚሁ ይታማሉ፦ መንገደኛዋ ማሳጅ ልትደረግ ተኝታ ሳለ የቆዳዋ ጉድለት ይቆጠርላትና የውድ ክሬሞች ዝርዝር ይቀርብላታል። መርከብ ላይ ያለች ሴት መሀል ባሕር ላይ ወርዳ መሄድ አትችልም። አንቺ ግን መርከብ ላይ አይደለሽም። በሩ ቅርብ ነው፤ ውጭ ባጃጅ ቆሟል።

ይሉኝታን አልንቅም። ለቅሶ የምንደርሰው፣ ቡና የምንጠራራው፣ የተጣላ የምናስታርቀው በይሉኝታ ጭምር ነው። ግን ይሉኝታ የዘመድና የጎረቤት ነው። ሳሎን ውስጥ ለእጥበቱ ከፍለሻል፤ ለደከመችበት ሰዓትም ከፍለሻል። ከፈለግሽ ጉርሻ ትጨምሪያለሽ። ከዚያ በላይ ዕዳ የለብሽም። ፊትሽ መያዣ አይደለም።

ብልቃጡ ውስጥ ምን አለ?

በሳምንት የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት። እነዚህ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለኤግዚማና ለመሳሰሉት እኛም እናዛቸዋለን። ክሎቤታሶል በተለምዶ ከሁለት ሳምንት በላይ በተከታታይ አይታዘዝም፤ ፊት ላይም አይመከርም። የደም ሥርን ስለሚያጠብና የቆዳ ቀለምን ስለሚቀንስ ፊት ቶሎ የጠራ ይመስላል። ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳ ይሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል፣ ብጉርና ፀጉር ያበቅላል። ጭርት ካለብሽ መልኩን ቀይሮ ተደብቆ እንዲስፋፋ ያደርገዋል። ዓይን አካባቢ ሲቀባ የዓይን ሞራና ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል። በብዛት ሲቀባ ወደ ደም ይገባል፤ የደም ግፊትና ስኳር ከፍ ሊያደርግ፣ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት እንዲያቆም ሊያደርግ ይችላል።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። በሐኪም ክትትል ለተወሰነ ጊዜ የሚታዘዝበት ሁኔታ አለ። ያለ ልክ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ያቀላል የተባለው ፊት ላይ ሰማያዊ ጥቁር ጠባሳ ያወጣል፤ ይህን ማስለቀቅ እጅግ ከባድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከመዋቢያ ክሬሞች ውስጥ እንዳይገባ ከከለከለው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ነው። ጋናም እ.ኤ.አ. በ2016 አግዳለች።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ይህ ኩላሊትንና ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ነው። በእርግዝና ጊዜ ወደ ጽንሱ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ለአዲስ ሙሽራ አደጋው እጥፍ ነው። የሚናማታ ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ ውል እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጸድቅ ሜርኩሪ ያለባቸውን የማቅያ ክሬሞች ለማስቀረት ቀን ቆርጦ ነበር፤ በ2023 ደግሞ አባል አገሮች ጨርሶ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ከ2025 በኋላ እንዳይመረትና እንዳይነገድ ወሰኑ።

በዚህ ላይ የምንኖርበትን ምድር አስቢ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ዳባትና ደባርቅ ደግሞ ከዚህም ከፍ ይላሉ። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥር ደግሞ ሰማዩ የጠራ ነው። ቆዳሽን በክሬም አሳስተሽ ጥር 11 ቀን ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ስትውዪ፣ ማድያት ባይኖርብሽም ማድያት ትገዢያለሽ። ጠይምነትሽ ለዚህ ፀሐይ የተሰጠሽ ጥላ ነው። ጥላሽን አስረክበሽ መክፈልሽ ምን ይባላል?

ይህን ስናገር የሚመጡልኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ።

«ተፈጥሯዊ ነው» ይሉኛል። ከሆነማ እሬት ነው? እርድ ነው? ማር ነው? ስሙ ይነገረን። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ነገር ሐኪም እንኳ አምኖ ለታካሚው አይሰጥም።

«ፋርማሲም ይሸጠዋል» ይሉኛል። ይህ እውነት ነው፤ እፍረቱም የኛ የጤና ባለሙያዎች ነው። በማዘዣ ብቻ መውጣት ያለበትን ቱቦ ያለ ማዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ከሳሎኑ አይሻልም።

«ራሷ ፈልጋ ነው የገዛችው» ይሉኛል። አስተኝቶ፣ አሳፍሮና አስቸኩሎ ያስገዛ ሰው «ፈልጋ ነው» የማለት መብት የለውም። ይዘቱን አውቃ፣ ልብሷን ለብሳ፣ ቤቷ አድራ በማግሥቱ ከተመለሰች ያኔ ፈልጋለች።

«እንጀራችን ነው» ይሉኛል። ይህኛው ያሳዝነኛል። ብልቃጡን የምታቀርበው ልጅ ብዙ ጊዜ በኮሚሽን የምትሠራ ወጣት ናት። ክሬሙን በባዶ እጇ ቀኑን ሙሉ የምታሸውም እሷ ናት፤ ስቴሮይዱም ሜርኩሪውም በእሷም ቆዳ ይገባል። ስለዚህ አትሳደቢያት። የሳሎን ባለቤቶች ሆይ፣ ፀጉር ሥሩ፣ ሂና ቀቡ፣ ኩል ኳሉ፣ ገላ እጠቡ፤ ተባረኩ። መድኃኒት ግን አትቀምሙ።

ሌላ እውነት አለ፤ እሱንም ልናገር። ሴቶቻችን ወደ ብልቃጡ የሚሄዱት ለምንድን ነው? ሳሎን ውስጥ አንድ ሰዓት የሚያዳምጣቸው ሰው ስላለ ነው። እኛ ዘንድ ስለ ማድያቷ የጠየቀች ሴት ወረፋ ጠብቃ ገብታ «ይሄ በሽታ አይደለም» ተብላ ትሸኛለች። ማድያት ሕክምና አለው፤ ብጉርም አለው። ይህን ዝቅ አድርገን ያየን እኛ ሐኪሞች ታካሚያችንን በእጃችን ወደ ገበያው ልከናል። ይቅርታ መጠየቅ ይገባናል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። «ትንሽ ቀላ ብትል» የምትሉ አማቶች፣ እህቶችና ሙሽሮች፣ ከሳሎኗ ልጅ በፊት ፊቷን የነቀፋችሁት እናንተ ናችሁ። ልጅቷ ስትታጭ የነበራት መልክ ለሠርጉም ይበቃል።

ታዲያ ምን ልበል?

ሕጉ ካንቺ ጋር እንደሆነ እወቂ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ዕቃ ስላየ፣ አማራጭ ስለጠየቀ ወይም በዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ይናገራል። ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በአክብሮት የመስተናገድና ከስድብ የመጠበቅ መብትም ይሰጠዋል። ስለዚህ፦

• ከመተኛትሽ በፊት ተናገሪ፦ «የመጣሁት ለፀጉር ብቻ ነው። ስለ ፊቴ አስተያየት አልፈልግም፤ እግዜር ይስጥልኝ።» ቆመሽ የተናገርሽው ተኝተሽ ከምትናገሪው ይቀላል።

• ምክንያት አትስጪ። «ብር አልያዝኩም» ካልሽ «ቴሌብር አለ» ትባያለሽ። «ባለቤቴን ልጠይቅ» ካልሽ «እሱማ ይደሰታል» ትባያለሽ። «አመሰግናለሁ፣ አልገዛም» በቂ ነው። ከደገሙብሽ አንቺም ያንኑ ድገሚ።

• ከጨነቀሽ፦ «ስሙንና ይዘቱን ጻፊልኝ፤ ለሐኪም አሳይቼ እመለሳለሁ» በዪ። የሚደብቀው የሌለው ሰው ይጽፍልሻል።

• አብራሽ የምትሄደዋን ሚዜ ቀድመሽ አስጠንቅቂያት። ምስክር ከተጠራች «ፊቷ ምንም አልሆነም» ትበል።

• ለሠርግሽ አንድ ወር ሲቀረው ፊትሽ ላይ ምንም አዲስ ነገር አትጀምሪ። ለስላሳ ሳሙና፣ ቫዝሊን ወይም የለመድሽው ቅባት፣ ከተገኘ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ካልተገኘ ጥላና ነጠላ ይበቃሻል።

• ይዘቱ ያልተጻፈበት ክሬም ሲሸጥ ካየሽ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ጠቁሚ።

ቀድመሽ ገዝተሽ ከሆነስ?

አትፈሪ፤ አትደብቂም። ብልቃጡን ሳትጥዪ ይዘሽ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለ። ስቴሮይድ ያለበትን ክሬም ለወራት ተቀብተሽ ከሆነ በድንገት ስታቆሚ ፊትሽ ሊቆጣ ስለሚችል አቋራረጡን ከሐኪም ጋር አድርጊው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ፊትሽ ወይም እግርሽ ካበጠ፣ ሽንትሽ አረፋ ከበዛበት፣ ከባድ ድካምና ማዞር ካለብሽ ግን ነገ አትበዪ፤ ዛሬውኑ ታዪ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እኔ ዘንድ ፊቷን በነጠላ ሸፍና የምትመጣ ሙሽራ ማየት ሰልችቶኛል። ነጠላው ለቤተ ክርስቲያንና ለፀሐይ ይሁን።

ይህን ጽሑፍ ዘንድሮ ለምትዳር እህታችሁ፣ ለሚዜዎቿና ሳሎን ለምትሠራ ጓደኛችሁ አጋሩ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የፊታችሁን ፎቶ ግን በአደባባይ አትለጥፉ፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።