ስለ ግል መንገድና ስለ መንግሥት የጥገና ገንዘብ

መንገድ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚጠገነው ግን በየዓመቱ ነው። ይህም በአሶሳና በዙሪያው ባለው አገር ከሌላው ይልቅ ጐልቶ ይታያል። በዚያ ዝናሙ ግንቦት ሲገባ በርትቶ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ፥ ቀዩ አፈር ውሃ ጠጥቶ ይላሽቃል፤ ቦዩ ያልተጠረገለትንም መንገድ ጎርፍ በአንድ ክረምት ይበላዋል። ስለዚህ የመንገድ ነገር ሲነሣ «ማን ሠራው» ከማለት ይልቅ «ማን ይጠግነዋል» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

በ1989 ዓመተ ምሕረት በአዋጅ ቍጥር 66 የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው ለዚሁ ጥያቄ መልስ እንዲኾን ነው። የገንዘቡ ዋና ምንጭ በነዳጅ ላይ የሚጨመረው ክፍያ ሲኾን፥ ባለመኪናዎች በየዓመቱ ፈቃዳቸውን ሲያሳድሱ የሚከፍሉትና ከልክ በላይ የጫነ የሚቀጣው ደግሞ ይታከልበታል። የሚውለውም ለነባር መንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት ነው፤ ከተሞችም ከፌዴራሉና ከክልሉ መንገዶች ጋራ ከዚሁ ገንዘብ ድርሻ እንዲያገኙ ተደርጓል። በአሶሳ ገበያ ሰው ሲያመላልስ የሚውል የባጃጅ ነጂ ቤንዚን በቀዳ ቍጥር ወደዚህ ሣጥን የሚገባ ገንዘብ ይከፍላል። የሚከፍለውም ለሚሄድበት መንገድ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ የሕዝብ ከኾነ፥ የሚጠገንበትም መንገድ የሕዝብ ሊኾን ግድ ነው። አጥር የታጠረበት፥ ዘበኛ የቆመበት፥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሰው የማያልፍበት መንገድ በከተማው ወሰን ውስጥ ቢገኝም እንኳ የከተማው መንገድ ተብሎ ሊቈጠር አይገባውም። ርዝመቱን ከከተማው መንገድ ጋራ ደምሮ ገንዘብ የሚጠይቅ ሹም ቢኖር፥ ድኻውን ነጂ የሌላ ሰው ግቢ አስጠገነው ማለት ነው። ይህ ብዙ ማስረዳት አያሻውም።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም በአንድ ባለቤት ተከፍቶ ኹሉ የሚሄድበት መንገድ ነው። በቤኒሻንጉል ጕሙዝ ክልል እንዲህ ያለ መንገድ እንዲበዛ የሚያደርግ ምክንያት አለ። በጉባ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 እስኪመረቅ ድረስ ብረትና ሲሚንቶ ወደ ስፍራው የሚያደርስ መንገድ ያስፈልግ ነበር። በኩርሙክ ወረዳ ለተጀመረው ታላቅ የወርቅ ማዕድንም እንዲሁ ነው። እብነ በረድ የሚያስቈርጥ፥ ሰሊጥና አኩሪ አተር የሚያስዘራ ባለሀብትም አስቀድሞ ወደ ሥራው የሚያስገባውን መንገድ ይጠርጋል። መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ግን የባለሀብቱ ብቻ ኾኖ አይቀርም። በዳርና ዳሩ ሱቅ ይከፈታል፤ ገበያተኛ ይመላለስበታል፤ ምጥ የያዛት ሴት በዚያው ወደ አሶሳ ሆስፒታል ትወሰድበታለች። ሥራው አልቆ የባለቤቱ መኪና በተነሣ ዕለት መንገዱ ጌታ ያጣል። ኩባንያው ሄዷል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ወይም የክልሉ የመንገድ መሥሪያ ቤት አልተረከበውም። በመዝገብ ያልገባ መንገድ በጥገና ዕቅድ አይገባም፤ በዕቅድ ላልገባም ገንዘብ አይወርድለትም። ድልድዩ በፈረሰ ጊዜ ወንዝ ዳር ቆሞ የሚቀረው መንገደኛ ግን ነዳጁን ሲገዛ የድርሻውን የከፈለ ሰው ነው።

በከተማው ውስጥም ቢኾን የሰፈር ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ጌጠኛ ድንጋይ የሚያነጥፈው፥ ምእመናን ወደ ደብራቸው፥ ሙስሊሞችም ወደ መስጊዳቸው የሚጠርጉት መንገድ አለ። ይህን የግል ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ለሕዝብ የተሰጠ ስጦታ ነውና። ዳሩ ግን ስጦታም ተቀባይ ካልጻፈው ስጦታ መኾኑ ይረሳል።

ነገሩ በሌላ አገርም ያጋጠመ ነው። በእንግሊዝ አገር ቤት ሠሪ ኩባንያ አዲስ ሰፈር ሲሠራ፥ የሰፈሩን መንገድ የአውራጃው የመንገድ ባለሥልጣን ተረክቦ ካልመዘገበው በቀር በሕዝብ ገንዘብ አይጠገንም። በ1980 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር የወጣው የመንገድ ሕግ ኩባንያውና ባለሥልጣኑ አስቀድመው ውል እንዲጻጻፉ ይፈቅዳል፤ ኩባንያው በተወሰነው ልክ ይሠራል፥ ባለሥልጣኑም መርምሮ ይረከባል። ውል ሳይጻፍ የቀረ እንደ ኾነ የሰፈሩ ሰው ራሱ እያዋጣ ሲያስጠግን ይኖራል፤ እንዲህ ያሉ መንገዶች በዚያ በበለጸገ አገር እንኳ ዛሬም አሉ።

የአሶሳ ማዘጋጃ ቤት ሊያደርገው የሚገባው ከዐቅሙ በላይ አይደለም። ክረምት ሳይገባ መሐንዲስና ጸሓፊ አብረው እየዞሩ እያንዳንዱን መንገድ ማን እንደከፈተው፥ ርዝመቱ ምን ያህል እንደ ኾነ፥ ስንት ድልድይ እንዳለበት፥ ለኹሉ ክፍት ወይም ለአንድ ሰው የተዘጋ መኾኑን ይጻፉ። ክፍቱን ማዘጋጃ ቤቱ በፊርማ ይረከብ፤ የተዘጋውን ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ ይጠግን፤ ባለቤቱ የመንግሥትን ጥገና ቢፈልግ ግን አስቀድሞ በሩን ይክፈት። ከከተማው ወሰን ውጭ ላለው የክልሉ የመንገድ መሥሪያ ቤት እንዲሁ ያድርግ። የደብር አለቆችና የመስጊድ ሽማግሌዎችም ሕዝባቸው የሠራውን መንገድ ለማዘጋጃ ቤቱ የሰጡበትን ወረቀት ጽፈው ቅጂውን በየመዝገባቸው ቢያኖሩ፥ ነገ ሹም ሲለዋወጥ ክርክር አይነሣም።

ለባለሀብት መሬት ወይም የማዕድን ፈቃድ በሚሰጥበት ጊዜም የመንገዱ ርክክብ በውሉ ሊጻፍ ይገባል። ኩባንያው ሳይነሣ፥ ዶዘሩና መሐንዲሱ በስፍራው ሳሉ፥ የተሰነጠቀውን ድልድይ አሠርቶ መረከብ ይቻላል። ከሄደ በኋላ ግን የሚጠየቅ አይገኝም። በኩርሙክ ሥራው የተጀመረው በቅርቡ ነውና ለእርሱ ጊዜው ገና አላለፈም።