የፍሬሽማን ኮርስ ድልድይ ይሠራል ወይ?



አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር ከጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች አንድ ጥያቄ እንሰማለን። «ሲቪል ኢንጂነሪንግ ልማር መጥቼ አንትሮፖሎጂ ምን ያደርግልኛል? የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ድልድይ ይሠራልኛል እንዴ?» ቀልድ ይመስላል፤ ግን ለአንድ የሀብሩ ገበሬ ልጅ አንድ ተጨማሪ ዓመት ማለት አባት ፍየል ሸጠው የሚልኩት ብር ነው። ስለዚህ ጠያቂውን ሰነፍ ብለን አናልፈውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1942 ዓ.ም. ሲመሠረት የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነበር። ፍሬሽማን የሚባለውም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ሆኑና ፍሬሽማን ቀረ፤ ብዙው ዲግሪም ወደ ሦስት ዓመት ወረደ። በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆን ደግሞ ሪሚዲያል ተጨመረ። በሪሚዲያል የገባ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ፍሬሽማኑንና ፕሪ-ኢንጂነሪንጉን ደምሮ ዲፓርትመንት እስኪገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም አይቀረው።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሁለት ዓመት በሌላ ስም ያውቀዋል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ የአገራችን ልጆች የሚጀምሩት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ሁለት ዓመት ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ታሪክና ሳይንስ በርካሽ ክፍያ ተምረው አሶሺየት ዲግሪ ይይዛሉ፤ ከዚያ የተማሩት ተቆጥሮላቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራሉ።

ወሎ ለዚህ እንግዳ መሆን አልነበረባትም። ደረሳ ቁርኣኑን ካኸተመ በኋላ ፊቅህ በአንዱ ሸኽ ዘንድ ይቀራ ነበር፤ ነሕውና ሰርፍ ፍለጋ ደግሞ ወደ ሌላው ይሄዳል። የጁ ውስጥ ዳና፣ ወዲያ ማዶ ጌታ፣ ጃማ ንጉሥ፣ ራያ፤ ሐሪማው ሁሉ የሚታወቅበት ዒልም ነበረው። ደረሳው ከዳና ሲነሳ የቀራውን ኪታብ ይዞ ነው የሚነሳው፤ አዲሱ ሸኽ ዘንድ ከአሊፍ አይጀምርም። ነሕውና ሰርፍ «የአላት ዒልም» ይባላሉ፤ መሣሪያ ማለት ነው። «ነሕው ሰላት ያሰግዳል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ደረሳ ስለመኖሩ አልሰማንም። ተፍሲር ለመክፈት ቁልፉ እሱ እንደሆነ ያውቃላ!

ሎጂክም ከእነዚሁ መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ በኪታቡ ቋንቋ መንጢቅ ይባላል። በዓለም ዙሪያ መድረሳዎች ሲያስተምሩበት የኖሩት የአል-አብሀሪ «ኢሳጉጂ» ስሙን የወሰደው ፖርፊሪ ከጻፈው የግሪክ መግቢያ ነው። ኢማም አል-ገዛሊ የኡሱል መጽሐፋቸውን «አል-ሙስተስፋን» የከፈቱት በመንጢቅ መግቢያ ነው። «ዑለማዎች ተቃውመውታል» የሚል ወንድም ይኖራል፤ እውነቱን ነው፣ ኢብኑ ሰላሕ ከልክለዋል፣ ኢብኑ ተይሚያም በመንጢቀኞች ላይ መልስ ጽፈዋል። ግን ኢብኑ ተይሚያ የተቹት ጠንቅቀው አንብበው ነው። ሞጁሉን ሳይገልጥ «አይጠቅምም» ከሚል ሰው ጋር በአንድ ረድፍ አናስቀምጣቸው። አንትሮፖሎጂው ላይ ስለ ሰው አመጣጥ የሚለው ምዕራፍ ያስጨነቀው ካለም መጽሐፉን ከመዝጋት አንብቦ፣ ጥያቄውን ጽፎ የሚያውቅ ኡስታዝ ዘንድ ይዞ ቢቀርብ ይሻላል።

ወደ ድልድዩ እንመለስ። በዞናችን የሚያልፈውን የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር አስቡት። መስመሩ መሬቱን የሚወስድበት ገበሬ ለኢንጂነሩ የሚያቀርበው ጥያቄ በኮንክሪት ስሌት አይመለስም። ውኃው በየት ይወርዳል፣ ከብቱ በየት ይሻገራል፣ ቀብሩስ? ይህን ለመስማትም፣ ሰምቶ ለአለቃው በደንብ እንግሊዝኛ ለመጻፍም የሚያዘጋጁን እነዚያው የተናቁት ኮርሶች ናቸው። አሁን ግን ብዙው ተማሪ ፍሬሽማንን የሚያየው እንደ ኬላ ነው። የዲፓርትመንት ምደባው በውጤት ስለሆነ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሸምድዶ ማለፍ። ሶፍትዌር ወይም ኤሌክትሪካል ለማግኘት የሚደረግ ሩጫ መሆኑ ይገባናል፤ የተሸመደደው ግን ክረምቱን አይሻገርም።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበን ዩኒቨርሲቲ ያልገቡት ናቸው። ወልድያ የመምህራን ኮሌጅ አላት፤ መርሳ በግብርና ኮሌጅ ትታወቃለች። ከኮሌጅ ወደ ዲግሪ የሚወስደው መንገድ ግን ጠባብ ነው፤ ሲኦሲ አለ፣ የመግቢያ ፈተና አለ፣ የተማሩት ኮርስ ሁሉ ይቆጠራል ማለትም አይደለም። የፍሬሽማን ሞጁሎች በአገር ደረጃ አንድ ወጥ ሆነው ተዘጋጅተዋል። ታዲያ ያው ሞጁል በመርሳ ወይም በወልድያ ኮሌጅ ለምን አይሰጥም? ፈተናው አንድ ይሁን፤ ያለፈ ተማሪ የተማረው ተቆጥሮለት በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዘዋወር።

ይህ በተለይ ለእህቶቻችን ትልቅ ነገር ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ተይዛ የነበረችበትን ጊዜ ያየ ወላጅ፣ ዛሬም መንገድ ተዘጋ ተከፈተ እየተባለ ሴት ልጁን ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ለመላክ ቢያመነታ አንፈርድበትም። ልጅቷ ግን ቤት ትቀራለች፤ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ መመለሱ ይከብዳል። እነዚያን ሁለት ዓመታት ከእናቷ ቤት እየተመላለሰች ብትማር፣ ኪራይም ዶርምም ሳያስፈልጋት ለሦስተኛው ዓመት ተዘጋጅታ ትደርሳለች። «ጥራት ይወርዳል» የሚሉ አሉ። ፈተናው አንድ ከሆነ ማን እንደወረደ ፈተናው ራሱ ይናገራል። የኮሌጆቹ መምህራን ቁጥርና ቤተ መጻሕፍት ያነሰ እንደሚሆን አይጠፋንም፤ ለዚያም ነው በአንድና በሁለት ኮርስ ይጀመር የምንለው፤ ሎጂክስና ኮሚዩኒኬቲቭ እንግሊዝኛ ላቦራቶሪ አይፈልጉም።

ይህ እስኪሆን በእጃችን ያለውን እናድርግ። ከሁለተኛ ዓመት በላይ ያለን ተማሪዎች የፍሬሽማን ሞጁሎቻችንን ለጀመዓው እንስጥ፤ ከዐስር ሰላት በኋላ የሚሰጠው ቱቶሪያል ሒሳብና ፊዚክስ ብቻ ከሚሆን ሎጂክስ ይጨመርበት። መድረሳ መንጢቅ ወይም ነሕው የቀሩ ወንድሞች ቢያስረዱ ደግሞ በጣም ያምራል፤ ሙብተዳና ኸበርን የለየ ሰው ሰብጀክትና ፕረዲኬት አይከብደውም። በዒድ ወደ መርሳና ወልድያ የምንሄድ ደግሞ ኮሌጅ ላሉትና ቤት ለቀሩት ጓደኞቻችን የሞጁሎቹን ሶፍት ኮፒ በፍላሽ ይዘንላቸው እንሂድ።