ሁለተኛውም በር ዘብ ይፈልጋል

በጦር ትምህርት ቤት ሳለን በጥብቅ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ፣ ጠላት ሁልጊዜ በተጠበቀበት በር እንደማይመጣ ነው። በዚህ ሳምንት በቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ፣ ማለትም የስኳር ሕመምተኞች የደም ስብ፣ ይህንኑ ትምህርት ያስታውሰናል።

ሰሞኑን ወደ አንድ አንጋፋ ሃምሳ አለቃ ቤት ለጥየቃ ጎራ ብለን ነበር። የስኳር በሽታ ካገኛቸው ዓመታት አልፈዋል። ባለቤታቸው ሻይ ሲያቀርቡ፣ «መቶ አለቃ፣ ስኳር ከዚህ ቤት ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው» አሉን በኩራት። ምሳው ግን ንጥር ቅቤ የተንሳፈፈበት ምንቸት አብሽ ነበር። ሃምሳ አለቃውም ሐኪም ለኮሌስትሮል ያዘዘላቸውን ኪኒን ማቋረጣቸውን አልሸሸጉንም። «የደሜ ስኳር ደኅና ነው፤ የሚያመኝም ነገር የለም። ታዲያ ለምን እውጠዋለሁ?» አሉ።

ይህ አስተሳሰብ በብዙ ቤት የሚገኝ በመሆኑ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል። የስኳር ሕመምተኞችን ሕይወት ከሚቀጥፉት ምክንያቶች ዋነኛው የልብና የደም ቧንቧ በሽታ ነው። ኢንሱሊን በሚገባ በማይሠራበት ሰውነት ውስጥ የሚዛባው ስኳር ብቻ አይደለምና። በሰውነት የተከማቸው ስብ እየተለቀቀ ወደ ጉበት ይጎርፋል፤ ጉበትም ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ስብ አብዝቶ ወደ ደም ይልካል። ጠቃሚው ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል፣ ይቀንሳል። ጎጂው ኤልዲኤል ደግሞ መጠኑ ባይጨምር እንኳ ቅንጣቶቹ ደቃቅ እየሆኑ የደም ቧንቧን ግድግዳ ሰርገው ይገባሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመምተኛው ምንም አይሰማውም። የመጀመሪያው ምልክት ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ግማሽ አካልን ሽባ የሚያደርግ ስትሮክ ሊሆን ይችላል።

ስኳርን መቆጣጠር ትራይግሊሰራይድን ዝቅ ለማድረግ ቢረዳም፣ ኤልዲኤልን ግን ብዙም አያወርደውም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በታተመና በብሪታንያና በአየርላንድ በተካሄደ ጥናት፣ የልብ በሽታ ያልነበረባቸውና ኤልዲኤላቸውም ከፍተኛ ያልሆነ 2838 የስኳር ሕመምተኞች ተካፍለው ነበር። በቀን 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን የወሰዱት ክፍሎች፣ መድኃኒትነት የሌለው ኪኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ የልብና የስትሮክ አደጋ በ37 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ጥቅሙ ጎልቶ በመታየቱም ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ሁለት ዓመት ቀድሞ እንዲቆም ተደርጓል። ዛሬ ሐኪሞች ከ40 እስከ 75 ዓመት ለሆናቸው የስኳር ሕመምተኞች፣ «ደኅና ነኝ» ለሚሉትም ጭምር፣ ስታቲን የተባለውን የመድኃኒት ዓይነት የሚያዙት በዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ የሆነ የሠራዊት አባል ወይም ባለቤት፣ ከስኳሩ ምርመራ ጋር የደም ስቡንም ያስመርምር። ኤልዲኤል በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች፣ አደጋው ለሚያሰጋቸው ደግሞ ከ70 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ኪኒኑን የጀመረ ሰው የጡንቻ ሕመም ቢሰማው ለሐኪሙ ይንገር እንጂ በራሱ ሥልጣን አያቋርጥ። ለማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች እኅትም አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

የወጡ ጉዳይ በአመዛኙ በእኅቶቻችን እጅ ነው። ቅቤና የሚረጋ ዘይት ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋሉ፤ በምትካቸው የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት በልኩ መጠቀም ይቻላል። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ገብስ ለዚህ ገበታ የተመቹ ናቸው። የትምባሆ መተውና የዕለት የእግር ጉዞም ሊታከሉ ይገባል።

ይህን ሁሉ ተጨዋውተን ስንነሣ፣ ወይዘሮዋ ባለቤታቸውን ትክ ብለው አይተው፣ «ለካ አንዱን በር ዘግቼ ሌላውን ወለል አድርጌ ከፍቼ ኖሯል የምተኛው!» አሉ። በማግስቱ ሃምሳ አለቃውን ይዘው ወደ ክሊኒክ ሄዱ። ኪኒኑ በሐኪም ትእዛዝ እንደገና ተጀምሯል፤ በሦስት ወር ውስጥ ደማቸው ዳግም ይመረመራል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሌሎቻችንም በየቤታችን ሁለተኛውን በር እንመልከት።